ድስቱ ሲገነፍል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እኛ ቤት ወተት ሲገነፍል ጩኸት ነው። "ኧረ ወተቱ!" ይባላል፤ አንዱ ይሮጣል፤ ምድጃው ይጨማለቃል፤ የጣደችው ሰው ትወቀሳለች። ደቡብ ሕንድ ውስጥ ግን ወተት እስኪገነፍል ድረስ ድስት ከብበው የሚጠብቁ ሰዎች አየሁ። ሲገነፍል ደግሞ እልል አሉ። እልልታቸው ከእኛው እልልታ ብዙም አይለይም፤ "ኩላቫይ" ይሉታል።

በዓሉ ፖንጋል ይባላል። ስሙ በታሚል ቋንቋ "ገነፈለ፣ ሞልቶ ፈሰሰ" ከሚለው ግስ የመጣ ነው። የደቡብ ሕንድ ግዛት በሆነችው በታሚል ናዱ ያሉ ሂንዱዎች በየዓመቱ በጥር ወር ለአራት ቀን ያከብሩታል፤ ስለ መኸሩ ፀሐይን የሚያመሰግኑበት በዓል ነው።

"ኦርቶዶክሳዊ ሆነህ ስለ ሂንዱ በዓል ምን ያስጽፍሃል?" የሚለኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለፀሐይ እንድንሰግድ አይደለም የምጽፈው። እነሱ የሚሰጡትን ምስጋና ሳይ የእኔው ምስጋና አሳፍሮኝ ስለነበር ነው። ያፈርኩበትን ነገር ለወገኖቼ ልንገር ብዬ ነው።

በ2008 ዓ.ም. ለትምህርት የግዛቲቱ ዋና ከተማ ቼናይ ነበርኩ። ከከተማዋ በስተደቡብ ታምባራም በሚባል ሰፈር አንዲት እናት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ። ሰው ሁሉ "አማ" ይላቸዋል፤ እናት ማለት ነው። እኔም አማ እላቸው ነበር።

ያ ዓመት የዝናብ ዓመት ነበር። ኅዳር 21፣ የጽዮን ማርያም ዕለት፣ ሰማዩ ተቀደደ። በአንድ ቀንና ሌሊት ታምባራም ላይ ብቻ ወደ 490 ሚሊ ሜትር ዘነበ። አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ዝናብ ከሲሶው በላይ ማለት ነው። የአድያር ወንዝ ከአፉ ወጣ። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ። ከተማዋና አካባቢዋ በዚያ ሰሞን ጎርፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አጣች። እኛ ቤት ውሃው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ቆመ። እኔ ውዳሴ ማርያሜን ይዤ ጣሪያ ላይ ወጣሁ፤ አማ ደግሞ የሩዝ ጆንያቸውን ይዘው ወጡ።

የገረመኝ በኋላ ነው። መብራት ተመልሶ ስልክ ሲሠራ ለእማዬ ደወልኩ። እሷ ደግሞ ስለ ድርቅ ነገረችኝ። ያን ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ክረምቱ ከድቶ ነበር። ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው መንግሥት ያስታወቀው በዚያው ሰሞን ነው። ኤልኒኖ ነው አሉ። ፓሲፊክ ውቅያኖስ ሲሞቅ የእኛ የክረምት ዝናብ ይሳሳል፤ የታሚሎቹ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይበረታል። አንዱ የባሕር ሙቀት ለእነሱ ጎርፍ፣ ለእኛ ድርቅ ሆነ። ዝናብ ለካ በልክ ሲሆን ነው በረከት የሚሆነው። እኔ ይህን ያወቅሁት ጣሪያ ላይ ሆኜ ነው። ገበሬ ሁሉ ግን ያውቀዋል።

ፖንጋል እንግዲህ የዚህ እውቀት ልጅ ነው። አብዛኛው ሕንድ ዝናብ የሚያገኘው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ እንደ እኛ። ታሚል ናዱ ግን ዋናው ዝናቧ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ከሰሜን ምሥራቅ በኩል ይመጣል። በካቬሪ ወንዝ ዳር፣ ታንጃቩር አካባቢ፣ ሳምባ የሚሉት ሩዝ አለ። ዘሩ የሚወርደው በነሐሴና በመስከረም ግድም ነው። ያን ዝናብ ጠጥቶ ያድግና ጥር ላይ ይታጨዳል። ሸንኮራውና እርዱም በዚያው ሰሞን ይደርሳሉ። ጭቃው ይደርቃል፤ መንገድ ይከፈታል፤ ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ ይገባል። ሠርግ ይጀመራል። ታይ የሚባለው የታሚሎቹ ወር በዚህ ሰዓት ይብታል። "ታይ ሲወለድ መንገድ ይወለዳል" ይላሉ። የእኛም የጥር ሠርግ ምክንያቱ ሌላ አይመስለኝም። እህሉ ጎተራ ገብቶ፣ ጠላው ተጠንስሶ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነው ሰው የሚድረው።

ሃይማኖታዊው ትርጉምም ከሰማይ ጋር የተያያዘ ነው። በእነሱ አቆጣጠር በዚያ ቀን ፀሐይ መካራ ወደሚሉት የከዋክብት ክፍል ትገባለች፤ ፊቷንም ወደ ሰሜን ትመልሳለች። ቀኑ እየረዘመ፣ ብርሃኑ እየበረታ የሚሄድበት ግማሽ ዓመት ተጀመረ ማለት ነው። በሌላው ሕንድ ማካር ሳንክራንቲ የሚሉት ይኸው ቀን ነው። ጉጅራት ውስጥ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ በክር የታሰረ የወረቀት ካይት ያበርራል። ማሃራሽትራ ውስጥ የሰሊጥ ጣፋጭ እየተሰጣጡ "ይህን ቅመስና ጣፋጭ ተናገር" ይባባላሉ። ሰሊጡም ለብርዱ ወራት ገላን ያሞቃል ይላሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ። ፀሐይ በእርግጥ ወደ ሰሜን የምትመለሰው በፈረንጆቹ ዲሴምበር 21 ወይም 22 ነው። እነሱ የሚያከብሩት ግን ጃንዋሪ 14 ወይም 15 ነው። ለምን ተራራቀ? ዓመታቸው የሚለካው በከዋክብት ነው። የከዋክብት ዓመት ከወቅቶች ዓመት በ20 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። 20 ደቂቃ ሲጠራቀም በ72 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይሆናል። ከ1,700 ዓመት ያህል በፊት ሁለቱ ቀኖች አንድ ላይ ነበሩ። ይህን የነገረኝ የክፍል ጓደኛዬ ሊስቅ ሲል "የእኛም አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ደቂቃ ይንሸራተታል" አልኩት። እውነቴን ነው፤ በ128 ዓመት አንድ ቀን። ተያይዘን ሳቅን።

ወደ በዓሉ ልመለስ። የመጀመሪያው ቀን ቦጊ ይባላል፤ በዚያ ዓመት ሐሙስ ዋለ። ጎሕ ሳይቀድ ሳል ቀሰቀሰኝ። መንገዱ ሁሉ ጭስ ነው። ሰው በየደጁ አሮጌ ነገር ያቃጥላል። በድሮው ጊዜ የሚቃጠለው በዝናቡ የበሰበሰ ሰሌን፣ ተባይ የገባበት ገለባ፣ የተበጣጠሰ ቅርጫት ነበር። አዲስ እህል ወደ ቤት ሊገባ ነው፤ ነቀዙና ምስጡ አስቀድሞ ይውጣ ነው ነገሩ። ቤቱ ይጠረጋል፤ ግድግዳው ኖራ ይቀባል። በአንዳንድ ቦታ የጣሪያው ጠርዝ ላይ የኒም ቅጠል ይሰካል፤ ኒም ደግሞ ተባይ ያባርራል። በሃይማኖቱ በኩል ዕለቱ የዝናብ አምላክ ለሚሉት ለኢንድራ ነው። ዝናቡ ሥራውን ጨርሷልና ይሸኛል።

ዛሬ ከተማ ውስጥ የሚነደው ግን ጎማና ፕላስቲክ ነው። የግዛቲቱ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ በየዓመቱ "እባካችሁ ጎማ አታቃጥሉ" እያለ ይለምናል። ከዚያ ወዲህ በ2010 ዓ.ም. የቦጊ ጭስ ከጉም ጋር ተደባልቆ የቼናይን በረራዎች አስተጓጉሏል። የጽዳት በዓል ነበር፤ ምክንያቱ ሲረሳ አየር የሚያቆሽሽ ሆነ።

እኔ ግን ለመፍረድ አልቸኮልኩም። ኅዳር ሲታጠን ትዝ አለኝ። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጅ ቆሻሻን ማቃጠል ትርጉም ነበረው። ዛሬ ኅዳር 12 ሲመጣ እኛም ሰፈር ጎማ ያቃጥላሉ። ለምን እንደሆነ የጠየቅሁት አንድ ልጅ "ልማድ ነዋ!" ነው ያለኝ። ጾማችንም እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ ይጠፋና የሽሮው ዓይነት ብቻ ይቀራል።

በዚያው ሐሙስ ማታ አማ፣ ልጃቸውና እኔ በባቡር ወደ መንደራቸው ሄድን። ታንጃቩር አጠገብ ነው። ዓርብ ጠዋት ዋናው ፖንጋል ሆነ።

ከቤቱ ፊት ለፊት መሬቱ በእበት ተለቅልቋል። በላዩ ላይ ሴቶቹ በሩዝ ዱቄት ኮላም የሚሉትን ሐረግ የመሰለ ሥዕል ሥለዋል። "ዱቄቱ አይባክንም?" አልኳቸው። አማ "ጉንዳን ይበላዋል" አሉኝ። ጉንዳኑም የዓመቱ ጎረቤት ነው፤ በበዓል ቀን ጦሙን አያድርም።

በሥዕሉ መሀል ሦስት ጉልቻ። በጉልቻው ላይ አዲስ ሸክላ ድስት። አዲስ መሆን አለበት፤ ለመንደሩ ሸክላ ሠሪ የዓመቱ ትልቁ ገበያው ይኸው ነው። በድስቱ አንገት ላይ ከነቅጠሉ የተነቀለ ትኩስ እርድ ታስሯል። ሁለት የሸንኮራ አገዳዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል። እሳቱ ተያያዘ፤ ወተት ገባ። ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ ድስቱን ማየት ጀመረ።

ወተቱ ተነሣ፣ ተነሣ፣ ከአፉ ወጥቶ በጎኑ ወረደ። "ፖንጋሎ ፖንጋል!" ብለው ጮሁ። ዛጎል ተነፋ። ሕፃናቱ ዘለሉ። ከገነፈለ በኋላ አዲሱ ሩዝ ይገባል፤ ማሾ ይጨመራል፤ ከሸንኮራ ጭማቂ የሚረጋው ቡናማ ስኳር፣ የነጠረ ቅቤ፣ ሄል፣ ዘቢብና ካሽው ይከተላሉ። በሙዝ ቅጠል ላይ ወጥቶ መጀመሪያ ወደ ፀሐይ ይቀርባል። ሰው የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው።

መገንፈሉን ለምን እንደሚወዱት አማን ጠየቅሁ። "ለእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ድስቱን በልኩ እሞላው ነበር" አሉኝ። "ከአፉ የሚያልፈው ለሌላው ነው።" ይህን ሲሉ እጃቸው እሳት እየቆሰቆሰ ነበር። ቀና ብለውም አላዩኝም።

ከዚያ አንድ ቅጠል ሙሉ አቀረቡልኝ። እኔ ደግሞ ዓርብ ነው። ጥር 6፣ የግዝረት ዕለት ቢሆንም ዓርብ ዓርብ ነው። ወተትም ቅቤም አለበት። ጾም ላይ ነኝ አልኳቸው። ይከፋቸዋል ብዬ ተጨንቄ ነበር። "ቪራታም ነህ!" ብለው ደስ አላቸው። እነሱም ጾም ያውቃሉ፤ ለጾመኛ ክብር አላቸው። ሙዝና ሸንኮራ አመጡልኝ።

እውነቱን ለመናገር ጾሙ ከባዱን ጥያቄ አስመለጠኝ እንጂ አልመለሰልኝም። ያ ምግብ ለፀሐይ የቀረበ ነው። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ጾም የለም። ነገስ ምን እላለሁ?

ቅዳሜ፣ ጥር 7፣ እኛ ሥላሴን ስናከብር እነሱ ማቱ ፖንጋል ነበሩ። የከብቶች ፖንጋል ማለት ነው። በዓሉ ልቤን የነካው እዚህ ላይ ነው። በሬዎቹና ላሞቹ ገና በማለዳ ኩሬ ወርደው ታጠቡ። ቀንዳቸው ቀይና ሰማያዊ ተቀባ። አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉንና ቃጭል ታሰረ። ፖንጋሉን በእጅ አጎረሷቸው። በዚያ ቀን ቀንበር አይጫንም። ሩዙን ያጨደው እንኳ ማሽን ነው፤ ግን የጎረቤትየው ትራክተርም ግንባሩ ላይ አበባ አንጠልጥሎ ቆሞ ነበር። ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። ከዚያ አፈርኩ፤ እኔ አንድም ቀን ላበላኝ ነገር አበባ አስሬ አላውቅም።

ስለ በሬው አንድ ተረት አላቸው። ሺቫ የሚሉት አምላካቸው ባሳቫ የተባለውን በሬውን ወደ ሰዎች ላከው። "ሰው በየቀኑ ዘይት ተቀብቶ ይታጠብ፤ በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይብላ" በላቸው አለው። በሬው መንገድ ላይ ተምታታበት። "በየቀኑ ብሉ፤ በወር አንድ ጊዜ ዘይት ተቀብታችሁ ታጠቡ" ብሎ ተናገረ። ሺቫ ተቆጣ። "በየቀኑ ሊበሉ ከሆነ ይህን ሁሉ እህል ማን ያመርትላቸዋል? በል ውረድና አንተው እረስላቸው" ብሎ ወደ ምድር ሰደደው።

እኛ ይህን አናምንም። ተረቱ ግን የዋዛ አይደለም። በሬው ቀንበር የገባው በእኛ ሆድ ምክንያት ነው ይላል። በቀን ሦስቴ የምንበላው እኛ፤ የሚደክመው እሱ። በኦሪት ዘዳግም እህል የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰር ታዟል። የሠራበትን ይቅመስ ነው ሕጉ። ያደግሁት ከተማ ነው። ይህን ሕግ ቅዱስ ጳውሎስ ስለ አገልጋዮች ሲጠቅሰው እንጂ ስለ በሬ መሆኑን አስቤው አላውቅም ነበር።

በዚያው ቀን ሴቶቹ በእርድ ቅጠል ላይ ትንንሽ የሩዝ ድቡልቡሎች አድርገው ለቁራና ለወፍ አስቀመጡ፤ ለወንድሞቻቸው ጤና እየጸለዩ። የእኛ ኦሪት ደግሞ የእርሻን ዳርቻ አትጨድ፣ ቃርሚያውን ለድኻና ለስደተኛ ተው ይላል። ሩት ቦዔዝን ያገኘችው በዚህ ሕግ ነው። በማዱራይ በኩል ደግሞ ወጣቶች ኮርማ ሻኛ ላይ የሚንጠለጠሉበት ጃሊካቱ የሚባል ጨዋታ አለ። ያን ዓመት የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከበዓሉ በጥቂት ቀን ቀድሞ ስላገደው መንደሩ ሁሉ የሚያወራው እሱኑ ነበር። በዓመቱ ቼናይ ባሕር ዳርቻ ላይ ሕዝብ ወጥቶ ግዛቲቱ በሕግ አስመለሰችው። እኔ ጨዋታውን አላየሁም፤ ማየትም አልፈልግም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ።

ያ ሁሉ አበባ ለበሬ ሲታሰር አጥር ጥግ ቆመው የሚያዩ ሰዎች ነበሩ። የቀን ሠራተኞች ናቸው። ሩዙን ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ የተከሉት እነሱ ናቸው፤ አብዛኞቹ ሴቶች። አማ ጨርቅና ሩዝ ሰጧቸው፤ በፍቅር ነው የሰጡት። ግን መሬቱ የእነሱ አይደለም። በዚያው በካቬሪ ደለል ላይ ኪልቬንማኒ የምትባል መንደር አለች። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1968 የጉልበት ክፍያ ይጨመርልን ያሉ መሬት አልባ ሠራተኞች ቤተሰቦች፣ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ አንድ ጎጆ ውስጥ ተዘግተው ተቃጠሉ። 44 ሰዎች ሞቱ። ከፖንጋል ሦስት ሳምንት በፊት ነው። በፈረንጆች ገና ቀን ነው።

ለፀሐይ ምስጋና አለ፤ ለበሬ አለ፤ ለጉንዳን እንኳ አለ። ለተከለው ሰውስ? ይህን የሂንዱዎች ጉድ አድርጌ ላቀርበው አልችልም። ቅዱስ ያዕቆብ ያጨዱት ሠራተኞች ደመወዝ ይጮኻል ብሎ የጻፈው ለእኛው ወገኖች ነው። የገና ዳቦ የደፋችው የቤት ሠራተኛ ከዳቦው ጫፍ ቆርሳ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን የምትበላበት ቤት አውቃለሁ። አንዱ የእኛ ቤት ነበር።

እምነታችን ከእነሱ የሚለየው የቱ ጋ ነው? ፀሐይዋ ፍጡር ናት። በመዝሙረ ዳዊት እንደ ሙሽራ ከጫጉላዋ ትወጣለች፤ ደስ እያላት ትሮጣለች። ግን የላካት አለ። ሙሽራ ላይ ቆሞ ደጋሹን መርሳት አለ፤ የእኛ ሐዋርያዊ ትምህርት እዚህ ላይ አይደራደርም። ይህን አማም ያውቃሉ፤ ተነጋግረንበታል፤ አልተስማማንም። ጓደኝነታችን ግን አልጎደለም።

ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14ን ያነበበ ሰው ማቱ ፖንጋልን ቢያይ ይደነግጣል። ጳውሎስና በርናባስ ልስጥራ ከተማ ገብተው ሽባ ፈወሱ። ሕዝቡ አማልክት መጡ ብሎ ኮርማዎችና የአበባ ጉንጉን ይዞ መጣ። ልክ እንደዚያ ቅዳሜ፤ ኮርማና አበባ። ሐዋርያቱ ልብሳቸውን ቀደዱ፤ እኛም ሰዎች ነን አሉ። ከዚያ ግን የተናገሩትን ልብ በሉ። እናንተ ጣዖት አምላኪዎች እግዚአብሔር ጨርሶ አያውቃችሁም አላሉም። ያለ ምስክር አልተዋችሁም፤ ዝናብን ከሰማይ፣ ፍሬ የሚሆንበትን ወራት ሰጣችሁ፤ ልባችሁን በመብልና በደስታ ሞላው ነው ያሉት። ወንጌል ገና ያልሰሙ ገበሬዎች ዘንድ የእግዚአብሔር ምስክር ዝናቡና መኸሩ ነበር። ታንጃቩር ላይ የገነፈለውን ወተት ሳይ እኔ ያንን ምስክር አየሁ። የሚመሰክርለትን ስም ባያውቁትም ምስክሩን ግን ሰምተው እልል ብለዋል።

ሮሜ ምዕራፍ 1 ላይ ደግሞ ሐዋርያው የሰውን ልጅ ውድቀት ሲዘረዝር ከመጀመሪያዎቹ ክሶች አንዱ ምን እንደሆነ ታስታውሳላችሁ? እያወቁት አላመሰገኑትም የሚል ነው። እያወቁት! ይህ ክስ ከአማ ይልቅ ወደ እኔ ያዘነብላል።

እኔ "እግዚአብሔር ይመስገን" በቀን ሃምሳ ጊዜ እላለሁ። ደኅና ነህ ወይ ሲሉኝ፣ ታክሲ ሳገኝ፣ ስልክ ስዘጋ። ምን ስለተደረገልኝ እንደሆነ ግን አላውቀውም። ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ አላስተማረችኝም። መስተብቍዑን የተማረ ዲያቆን ጠይቁ። ስለ ዝናማት ለብቻው፣ ስለ ወንዞች ውሃ ለብቻው፣ ስለ ምድር ፍሬ ለብቻው ይለመናል። ዓመቱ ራሱ በዝናብና በአበባ፣ በመከርና በበጋ ተከፍሎ ምንባቡም ዜማውም አብሮ ይለዋወጣል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አበባው ሳይቀር ወር ከአሥር ቀን የራሱ ጊዜ አለው። አባቶች ምስጋናን በጅምላ አላስቀመጡትም፤ በዝርዝር ነው። በኵራትም እንደዚያው ነበር፤ የመጀመሪያው እሸት፣ የመጀመሪያው ጥጃ። ዛሬ በቴሌብር ልከን እንገላገላለን። መላኩ ጥሩ ነው፤ አልቃወምም። እሸቱን በእጁ ይዞ የሄደ ሰው ግን ምን ይዞ እንደሄደ ያውቅ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት አማ ፖንጋሉን እንደገና አቀረቡልኝ። ዛሬ ጾም የለም፤ ማምለጫ የለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን አሰብኩ፤ ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው ያለህ ሰው ካለ፣ ስለ ነገረህ ሰው ብለህ ተው ይላል። ነግረውኛል፤ በዓይኔም አይቻለሁ። እውነቱን ነገርኳቸው። ምግቡን ንቄ እንዳልሆነ፣ ለሌላ ከቀረበ እንደማልበላ።

አማ ትንሽ ዝም አሉ። ልጃቸው አቀረቀረ። ከዚያ አማ ተነሥተው ጓዳ ገቡና በነጭ ጨርቅ የተቋጠረ ነገር ይዘው ወጡ። አዲሱ ሩዝ ነው፤ ጥሬውን። "ይህ ለማንም አልቀረበም" አሉኝ። "ወስደህ ለአንተው አቅርበው።"

አንድ ሽማግሌ ገበሬ፣ የአማ ታላቅ ወንድም፣ አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። በልጁ አስተርጓሚነት ጠየቁኝ።

"በአገርህ የምትበሉት እህል ምንድን ነው?"

"ጤፍ" አልኩ። ትንሽነቱን በጣቴ አሳየኋቸው። ተገረሙ።

"የምትበላውን ማን ነው የሚያርስልህ?"

"ገበሬዎች።"

"የትኞቹ?"

መልስ አልነበረኝም። ሽማግሌው ያልገባኝ መስሏቸው ጥያቄውን ደገሙት።

እሑድ ዘመድ የሚጠየቅበት፣ ካኑም ፖንጋል የሚሉት ቀን ነበር። ወደ ቼናይ ተመለስን። ሩዙን አስቀመጥኩት። ከተራ ዕለት ቀቀልኩት፤ በዘይትና በሽንኩርት ብቻ። ድስቴ ትንሽ ስለነበረች አረፋው ገነፈለና ምድጃውን አበላሸው። ጸሎት አድርጌ፣ ፎቅ ላይ የሚኖሩትን ሁለት የናይጄሪያ ተማሪዎች ጠርቼ አብረን በላን። ከዚያ ለእማዬ ደወልኩላት።

"እማዬ፣ ጤፉን የምትገዢው ከየት ነው?"

"ከወፍጮ ቤት ነዋ! ምነው?"

"ማን ነው ያመረተው?"

"አንተ ልጅ፣ አሞሃል እንዴ? የሕንድ ፀሐይ መታህ?"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የጥምቀት ወሬ አወራን፤ ታቦቱ ስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ነጠላዋን እንዳጠበች። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ግን "ቆይ እጠይቅልሃለሁ" አለችኝ።

በሳምንቱ ደወለች። ወፍጮ ቤቱ ከጤፉ ባለቤት ጋር አገናኝቷት ነበር። ሰውየው የበቾ ገበሬ ነው አለችኝ። ከሁለቱ በሬዎቹ አንዱ ሞቶበት፣ ዘንድሮ ከጎረቤቱ ጋር ተቀናጅቶ ነው ያረሰው። ክርስትና ስሙንም ጠይቃው በወረቀት ጽፋ ይዛዋለች።